የባላደራ ትርጉምና የጠያቂው መብት

አንድ ሰው ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲነሣ የቤቱን ቍልፍ ለጎረቤቱ ሰጥቶ «አደራ» ብሎ ይሰናበታል። ቃሉ አንድ ብቻ ነው፤ ውል አይጻፍም፤ ምስክርም አይቈጠርም። ጎረቤቱ ቍልፉን በተቀበለ ጊዜ ቤቱ የርሱ እንዳልሆነ፥ ነገር ግን ቤቱ ቢዘረፍ አንገቱን ደፍቶ የሚቆመው እርሱ እንደ ሆነ ያውቃል። በቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ በኩል ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ሰው ብዙ ነውና፥ ከገርጂ እስከ ሰሚት፥ ከዚያም እስከ አያት ባሉት ሰፈሮች ውስጥ ባለቤቱ በሌለበት በአደራ የሚጠበቀው ቤት ጥቂት አይደለም። ወንድም ለወንድሙ ያከራያል፤ አክስት ለእኅቷ ልጅ ኪራይ ትቀበላለች፤ ግብር የሚከፍለውም ሌላ ዘመድ ነው። ከነዚህ አንዱ ሒሳቡን ያጠፋ እንደ ሆነ ባለቤቱ አንድ ቀን በዚያው በቦሌ በኩል ተመልሶ ይመጣል፤ «ያስቀመጥሁት የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አደራው ተጠብቆ የሚኖረው በባላደራው ደግነት ብቻ ሳይሆን ይህ ቀን የማይቀር በመሆኑ ጭምር ነው።

ነገሩ የሚከብደው ባለቤቱ ተመልሶ ለመጠየቅ የማይችል በሆነ ጊዜ ነው። ባለቤቱ ሕፃን፥ ወይም ገና ያልተወለደ ትውልድ፥ ወይም ስሙ በሁሉ አፍ ሲጠራ አካሉ ግን በአንድ ስፍራ የማይገኝ ሕዝብ ሊሆን ይችላል። የመንግሥት ሥራ የሚባለው ከጥቂቱ በቀር ሁሉም በዚህ ዐይነቱ አደራ ውስጥ የሚገባ ነው። ስለዚህ ባላደራ ማን ነው ብሎ ከመመርመር ይልቅ፥ ባላደራውን ለመጠየቅ መብት ያለው ማን ነው ብሎ መመርመር ወደ ነገሩ ፍሬ ፈጥኖ ያደርሳል።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ይህን ነገር ከመጻሕፍት ያውቁታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት፥ ወራሹ ሕፃን ምንም የርስቱ ጌታ ቢሆን አባቱ እስከ ቈረጠለት ጊዜ ድረስ በሞግዚትና በመጋቢ እጅ እንደሚቈይ አስረድቷል። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ንብረቱ የሞግዚቱ አለመሆኑ ብቻ ሳይሆን ዘመኑም የተወሰነ መሆኑ ታይቷል፤ ዘመኑን የወሰነውም አባቱ ነው እንጂ ሞግዚቱ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል የተነገረው መጋቢ ደግሞ የመጋቢነቱን ሒሳብ እንዲያስረክብ በጌታው ተጠርቷል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ አደራ የሚናገር ክፍል አለው።

ባገሪቱ ታሪክም ምሳሌው አልጠፋም። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ፥ በ1901 ዓ. ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን ሞግዚትና እንደራሴ ሾሙላቸው። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ. ም. ሞቱ፤ በስፍራቸውም ሌላ ሞግዚት አልተተካም። ከዚያ ወዲያ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን እስከ ወረዱበት እስከ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ. ም. የሆነው ሁሉ በብዙ ጸሐፊ ተጽፏል። ለዚህ ጉዳይ የሚበቃው ግን የመንግሥት አደራ ባንድ ሰው ዕድሜ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው።

የአደራን ነገር በሰፊው ወስኖ ያስቀመጠው ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ ዕቃን ለጥበቃ ስለ መስጠት፥ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅም ስለሚቆሙለት ስለ አሳዳሪና ስለ ሞግዚት ከደነገገው ሌላ፥ ከቍጥር 516 አንሥቶ እስከ 544 ድረስ ያለውን ክፍል ለባላደራ ሥራ ሰጥቶታል። በዚህ ክፍል ንብረቱ ራሱን ችሎ ለብቻው ይቆማል፤ ባላደራውም በሰጪው ትእዛዝ መሠረት ለተጠቃሚው ጥቅም ያስተዳድረዋል። ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ሊቅ ሲሆኑ ይህን ሥርዓት ከእንግሊዝ ሕግ መቅዳታቸው ሊደነቅ ይገባል፤ የፈረንሳይ ሕግ ራሱ እርሱን የሚመስል ሥርዓት የተቀበለው በ1999 ዓ. ም. ነውና፥ በዚህ ነገር ኢትዮጵያ ከአርባ ዓመት በላይ ቀድማለች።

ባላደራው ንብረቱን ሲያስተዳድር ላየው ሰው ባለቤት ይመስላል፤ ያከራያል፥ ይቀበላል፥ ይከፍላል። ሆኖም የራሱ ባለዕዳነት አደራውን አይነካም፤ የርሱ ገንዘብ ጠያቂዎች በተጠቃሚው ንብረት ላይ እጃቸውን ሊያሳርፉ አይችሉም። ሒሳብ ማሳየት ግዴታው ነው፤ ያጠፋም እንደ ሆነ ዳኛ ይሽረዋል። እንግዲህ ባላደራው ከባለቤት የሚለየው በሥልጣኑ ማነስ አይደለም፤ ከበላዩ ጠያቂ በመኖሩ ነው።

ይህ ሕግ በሥራ ላይ ከዋለ ሁለት ወር ሳይሞላው፥ ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ. ም. ኢትዮጵያ ራስዋ ስለ አደራ ከሳሽ ሆና በሔግ ከተማ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ቆመች። ተከሳሹ የደቡብ አፍሪቃ መንግሥት ነበር። ነገሩም እንዲህ ነው። ከፊተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዠርመን የለቀቀችው ደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ፥ የዛሬይቱ ናሚቢያ፥ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ስም ለደቡብ አፍሪቃ በአደራ ተሰጠ። የማኅበሩ ቃል ኪዳን እንዲህ ያሉትን አገሮች ማስተዳደር አደራ መሆኑን ገልጾ ነበርና፥ አስተዳዳሪው መንግሥት ለአገሩ ሕዝብ ደኅንነት እንዲሠራ፥ በየዓመቱም ለማኅበሩ መግለጫ እንዲያቀርብ ግዴታ ነበረበት። ማኅበሩ በሚያዝያ ወር 1938 ዓ. ም. ፈረሰ። ሌሎቹ ባላደራዎች አዲስ የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባወጣው የሞግዚትነት ሥርዓት ውስጥ ሲገቡ ደቡብ አፍሪቃ ግን እንቢ አለች፤ ቈይታም የዘር መድልዎ ሕግዋን በአደራ በተሰጣት አገር ላይ ዘረጋች።

በሰኔ ወር 1952 ዓ. ም. ነጻ የወጡት የአፍሪቃ መንግሥታት ባዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ለመውሰድ ተነሡ። እነዚህ ሁለቱ የተመረጡበት ምክንያት ነበረው። ከጥቁሩ አፍሪቃ የፈረሰው ማኅበር አባል የነበሩ እነርሱ ብቻ ነበሩና፥ አደራው ሲሰጥ በነበረው ማኅበር ስም ለመጠየቅ መብት አለን ለማለት የሚችሉት እነርሱ ነበሩ። ኢትዮጵያ በ1928 ዓ. ም. በዚያው ማኅበር ፊት ስለ ራስዋ አቤት ብላ ፍርድ ያጣች አገር ስትሆን፥ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የፈረሰውን ማኅበር አደራ ለሌላ ሕዝብ ጥቅም ለማስከበር መነሣትዋ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ ወር 1955 ዓ. ም. በስምንት ድምፅ በሰባት ክሱን ለመስማት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ መዝገቡም በሺሕ የሚቈጠር ገጽ ሆነ። በመካከሉ ከዳኞቹ አንዱ ሞቱ፥ አንዱ ታመሙ፥ አንዱም በነገሩ ሳይቀመጡ ቀሩ። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ. ም. ፍርዱ በተነገረ ጊዜ ድምፁ ሰባት በሰባት እኩል ሆኖ ተገኘና የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፥ አውስትራሊያዊው ሰር ፐርሲ ስፔንደር፥ በወሳኝ ድምፃቸው ወደ አንዱ ወገን አጋደሉት። ፍርዱ ደቡብ አፍሪቃ አደራዋን ጠብቃለች አላለም፤ አላጠበቀችምም አላለም። ያለው ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ይህን አደራ ለመጠየቅ የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ መብት የላቸውም ብቻ ነው። የመጠየቅ መብት የማኅበሩ ነበረ፤ ማኅበሩ ግን ሞቷል። በዚህ አነጋገር አደራው ሕያው ሲሆን ጠያቂው በመሞቱ ባላደራው እንደ ባለቤት ሆኖ ተቀመጠ።

ከዳኞቹ መካከል አሜሪካዊው ፊሊፕ ጄሰፕ በረዥም ጽሑፍ ተቃወሙ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ብዙ አልቈየም። ጥቅምት 17 ቀን 1959 ዓ. ም. ደቡብ አፍሪቃ በዚያ አገር ላይ የነበራትን አደራ ሻረ፤ ጠያቂው እኔ ነኝ ማለቱ ነበር። ያው ፍርድ ቤት ራሱ በሰኔ ወር 1963 ዓ. ም. በሰጠው ምክር ደቡብ አፍሪቃ በናሚቢያ መቀመጥዋ ሕገ ወጥ መሆኑን ገለጠ። ናሚቢያ ነጻ የወጣችው መጋቢት 12 ቀን 1982 ዓ. ም. ነው። ጠያቂው ማን እንደ ሆነ ባልተወሰነበት ጊዜ ውስጥ አንድ ሙሉ ትውልድ አለፈ።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ምሥራቅ ሌላ አደራ ነበረ። ኢጣልያ በጦርነት ያጣችው ሶማሊያ ከመጋቢት 23 ቀን 1942 ዓ. ም. ጀምሮ ለዐሥር ዓመት በሞግዚትነት ተመልሶ ለራስዋ ለኢጣልያ ተሰጠ። የአምስቱን ዓመት መከራ ያየች ኢትዮጵያ በዚህ ደስ አላላትም፤ ደስ የሚያሰኝም አልነበረም። ነገር ግን የዚህ አደራ ዘመን አስቀድሞ ተቈርጦ ነበር፤ ከኮሎምቢያ፥ ከግብፅና ከፊሊፒን የተውጣጣ አማካሪ ጉባኤም በሞቃድሾ ተቀምጦ ይጠባበቅ ነበር። በመሆኑም ሰኔ 24 ቀን 1952 ዓ. ም. አደራው በቀኑ ተመለሰ፤ ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ወሰን ግን ሳይቈረጥ ቀረ፤ ይህም ጉድለት በኋላ ብዙ ደም አፍስሷል።

በሔግ የተነሣው ጥያቄ ግን ከቦሌ ሩቅ አይደለም። ቦሌ አውሮፕላን ጣቢያው በ1950ዎቹ ዓመታት ከልደታ ወደዚያ እስኪዛወር ድረስ ከከተማው ውጭ ያለ የእርሻና የግጦሽ ምድር ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ40ኛው አንቀጽ የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ መሬትም እንደማይሸጥ ደነገገ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይህ አንቀጽ ነው። ለዚህ ነገር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እምብዛም የማይጠቀሰው 89ኛው አንቀጽ ነው፤ በዚያ መንግሥት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በሕዝብ ስም ይዞ ለሕዝብ የጋራ ጥቅም እንዲያውል ግዴታ ገብቷል። በሕግ ቋንቋ ይህ የባላደራ ሥራ ነው። 12ኛው አንቀጽ ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፥ ባለሥልጣንም ኃላፊነቱን ሲያጓድል እንዲጠየቅ ያዛል።

እንግዲህ በቦሌ ክፍለ ከተማ፥ በየካ፥ ወይም በ2013 ዓ. ም. ከሁለቱ ተከፍሎ በተቋቋመው በለሚ ኩራ የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ የሚቀመጥ ሹም ሁሉ ባላደራ ነው። የመኖሪያ ቦታ በሊዝ ሲሰጥ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። አንድ ሹም በአንድ ወንበር ላይ የሚቈየው ጥቂት ዓመት ነው፤ ፊርማው ግን ከርሱም ከልጁም ዕድሜ ያልፋል። በጥር ወር 2013 ዓ. ም. የከተማው አስተዳደር ባስጠናው ጥናት ከ13 ሚሊዮን ካሬ ሜትር በላይ መሬት በሕገ ወጥ መንገድ ተይዞ መገኘቱን ለሕዝብ ገልጧል። ይህን ያህል መሬት በአንድ ሌሊት አልተወሰደም፤ ያለ ማኅተምና ያለ ፊርማም ሁሉንም መውሰድ አይቻልም።

ባላደራ የሚለው ቃል ባዲስ አበባ የመንግሥት ስም እስከ መሆን የደረሰበት ጊዜ አለ። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ. ም. በተደረገው ምርጫ ለከተማው ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ አሸነፈ። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ጠብ የተመረጡት ከተማውን ሳይረከቡ ቀሩ፤ ከመሪዎቻቸውም ብዙዎቹ ታሰሩ። በግንቦት ወር 1998 ዓ. ም. የፌዴራሉ መንግሥት በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ አስተዳደር ሾመ፤ ስሙም ባላደራ አስተዳደር ተባለ። በሚያዝያ ወር 2000 ዓ. ም. ምርጫ ተደርጎ አዲስ ምክር ቤት እስኪቋቋም፥ አቶ ኩማ ደመቅሳም ከንቲባ እስኪሆኑ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ከተማው በዚህ ስም ተዳደረ።

ስሙ እውነተኛ ነበር። ከተማው የተሿሚዎቹ እንዳልሆነና ቀኑ ሲደርስ እንደሚመለስ በግልጽ ተናግሯልና። ጉድለቱ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ 49ኛ አንቀጽ ራሱን የማስተዳደር መብት ያለው የከተማው ነዋሪ ሲሆን፥ ባላደራውን የሾመውም የሚጠይቀውም የፌዴራሉ መንግሥት ነበር፤ በነዋሪው ስም ሒሳብ የሚጠይቅ የተመረጠ ምክር ቤት በነዚያ ዓመታት አልነበረም። ለሁለት ዓመት የተቀመጠ ባላደራ እስከ 99 ዓመት የሚጸና የሊዝ ውል መፈረም ይገባዋልን? የከተማ ሥራ ቆሞ ሊጠብቅ አይችልምና አይፈርም ማለት አስቸጋሪ ነው፤ በፈረመም ጊዜ የሚመረምረው ሊኖር ይገባ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለአንድ ወላጅ አልባ ልጅ ንብረት ያዘጋጀውን ያህል ጥንቃቄ ለአንድ ዋና ከተማ አለማዘጋጀት አይገባም።

በ2011 ዓ. ም. ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ታየ። ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ በኮየ ፈጨ በተሠሩት ቤቶች ምክንያት ክርክር በተነሣ ጊዜ፥ በአቶ እስክንድር ነጋ መሪነት የተሰበሰቡ ሰዎች ራሳቸውን ባላደራ ምክር ቤት ብለው ሰየሙ። የፊተኛው ባላደራ ከላይ ተሹሞ የመጣ ነበር፤ ይህኛው ማንም ሳይሾመው እኔ ለነዋሪው እጠይቃለሁ ያለ ነው። በሁለቱም ወገን የከተማው ነዋሪ አደራውን በራሱ ድምፅ አልሰጠም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በሔግ የተጠየቁት «መብታችሁ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ለሾሚውም ለራስ ተሿሚውም ሳይቀር የሚነሣ ነው።

አደራ ሲጎድል ጠያቂ መገኘቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ በቤት ዕጣ ታይቷል። በ1997 እና በ2005 ዓ. ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገቡት ሰዎች ከደመወዛቸው እየቀነሱ ለዓመታት በባንክ ቈጥበዋል። የነርሱ አደራ ገንዘባቸው ብቻ አይደለም፤ በመዝገቡ ላይ ያለ ተራቸው ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ. ም. ለ25,791 ቤቶች ዕጣ ወጣ። ጥቂት ቀን ሳይቈይ ለዕጣው የማይበቁ ሰዎች ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ተገኘ፤ አስተዳደሩም ዕጣውን ሰረዘ፤ በ2015 ዓ. ም. እንደ ገና ወጣ። በመጀመሪያው ዕጣ ደስ ብሎት ጎረቤቱን የጠራ፥ በሳምንቱም ደስታው የተወሰደበት ቈጣቢ ኀዘኑ ከባድ ነበር። ያም ሆኖ የወጣን ዕጣ በአደባባይ መሰረዝ ለአንድ አስተዳደር ቀላል ነገር ስላልሆነ ሊመሰገን የሚገባው ነው። የሚያሳዝነው መዝገቡ ከዕጣው በኋላ እንጂ ከዕጣው በፊት በሌላ ዐይን አለመመርመሩ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከተሠሩም በኋላ አደራው አያልቅም። በገርጂ በሙከራ የተጀመረው ሥራ ዛሬ በሰሚት፥ በአያት፥ በቦሌ አራብሳ በሺሕ የሚቈጠር ቤተ ሰብ አስፍሯል። በ1995 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 370 መሠረት ደረጃው፥ ጣራው፥ የውኃ ማጠራቀሚያው፥ በሩና ግቢው የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ነው፤ የሚያስተዳድረውም ማኅበራቸው ነው። ለልቅሶ፥ ለድግስና ለልብስ አጠባ የተሠራው የጋራ ቤት ለነጋዴ ቢከራይ ገንዘቡ የማን ነው? የግቢው ጥግ ለመኪና ማቆሚያ ቢታጠርስ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ13 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ላይ ከሚነሣው ጥያቄ የተለየ አይደለም፤ ብቻ እዚህ ባለ መብቱ ከሦስተኛው ፎቅ ወርዶ ኮሚቴውን ፊት ለፊት ሊጠይቅ ይችላል።

አብያተ ክርስቲያናትም በዚህ በኩል ከሚመስላቸው በላይ ልምድ አላቸው። በ1965 ዓ. ም. ቃለ ዓዋዲ ከወጣ ወዲህ የአጥቢያው ገንዘብ በአስተዳዳሪው ብቻ ሳይሆን ካህናትና ምእመናን፥ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በሚወከሉበት ሰበካ ጉባኤ እንዲታይ ታዟል። በከተማው ምሥራቅ ቅጥራቸውን ተከትለው ሱቅ ያሠሩት አጥቢያዎች ኪራይ በበዛ ቍጥር የዚህ ሥርዓት ዋጋ ይታወቃቸዋል። ሙዳየ ምጽዋቱ በብዙ ሰው ፊት ተከፍቶ ይቈጠራል፤ የሱቅ ውል ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ሰው መካከል በዝግ ቤት ይፈረማል።

የጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበር ኮሚቴ ዘመኑን ሲጨርስ የድሮው ሰብሳቢ ለአዲሱ የሚያስረክበው ብዙ አይደለም፤ የውኃ መሳቢያው ቍልፍ፥ የባንክ ደብተር፥ የዘበኞች ደመወዝ መዝገብ፥ የኪራይ ውሎችና ማኅተም ነው። ከነዚህ ውስጥ ዘግይቶ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ማኅተሙ ነው። ያወቁ ነዋሪዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ማኅተሙ ከመረከቡ በፊት መዝገቡ ይነበባል፤ የመጨረሻው ማኅተም የተመታበት ወረቀት ቀኑና ቍጥሩ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ከዚያም በኋላ አስረካቢውና ተረካቢው በሁሉ ፊት ይፈርማሉ።